ቀዝቃዛው አየር ደካማው በሚተኛበት ክፍል ይግባ

እኩዮቼ፣ በዋሽንግተን፣ በባልቲሞርና በፊላደልፊያ፣ ግራና ቀኝ ግድግዳቸው ከጎረቤት ጋር በተጣበቀ የጡብ ቤቶች ውስጥ የምትኖሩ አባቶችና እናቶች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለልጆቻችን የሚነግራቸው አያጡም። እኛን ግን ደፍሮ የሚናገረን የለም፤ ልጅ አባቱንና እናቱን «እንዲህ አድርጉ» ማለት ይከብደዋልና ዝም ይላል። ስለዚህ እኩያ ለእኩያው ይናገር። ነገሩ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ሁላችንም ኤሲ የምንለው ዕቃ፣ በቤት ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። በብዙ ቤታችን ግን ኤሲው የገባው እንግዳ በሚቀመጥበት ሳሎን ነው፤ አያትየው ወይም አያትየዋ የሚተኙት ደግሞ ጣሪያ ሥር ባለው ክፍል ነው። ይህ አቀማመጥ ሰው ይገድላል።

ቃሉን ያከበድኩት በምክንያት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በጁላይ 1995 ቺካጎን ኃይለኛ ሙቀት መታት፤ መለኪያው 106 ፋራናይት ደረሰ፣ በሴንቲግሬድ 41 መሆኑ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በወትሮው ጊዜ ከሚሞተው በላይ፣ 739 ሰው ሞተ። የሬሳ ማቆያው ሞልቶ አስከሬን በማቀዝቀዣ የጭነት መኪና ውስጥ እስከማስቀመጥ ተደረሰ። በኋላ አጥኚዎች የሟቾቹን አኗኗር ሲመረምሩ፣ ብቻውን የሚኖር፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ከቤት የማይወጣና ኤሲ የሌለው ሰው አደጋው በርትቶበት ተገኘ። ሌባ ይገባብናል ብለው መስኮታቸውን ዘግተው የተቀመጡ አረጋውያንም ነበሩ። ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ይህን ሁሉ በ2002 በመጽሐፍ አውጥቶታል። ከቺካጎ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1993፣ ፊላደልፊያ 118 ሰው በሙቀት ሞቶባታል። ፊላደልፊያ ማለት ደግሞ የእኛኑ ዓይነት ተያያዥ የጡብ ቤቶች የሞሉባት ከተማ ናት።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ በ2021 ሰመር መግቢያ ላይ ካናዳ ውስጥ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የደረሰውን ይስማ። በአንድ ሳምንት 619 ሰው በሙቀት ሞተ። ከመቶ 98ቱ የሞቱት ቤት ውስጥ ነው። ከመቶ 67ቱ ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ብቻቸውን የሚኖሩ ነበሩ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች እርሻ ላይ ወይም መንገድ ላይ ፀሐይ አልወደቀባቸውም። በገዛ ቤታቸው፣ ጥላ ሥር፣ በራቸውን ዘግተው ነው የሞቱት። አሪዞና ውስጥ ፊኒክስ ባለችበት በማሪኮፓ ካውንቲ ደግሞ ቤት ውስጥ በሙቀት ከሚሞቱት ብዙዎቹ ኤሲ ያላቸው ሆነው ይገኛሉ፤ ዕቃው ቤቱ ውስጥ አለ፣ ግን ተበላሽቷል ወይም ጠፍቷል። ስለዚህ «እኛ ቤት ኤሲ አለ» ብሎ መተኛት መልስ አይሆንም። ጥያቄው የት አለ፣ ይሠራል ወይ፣ ማንን ያቀዘቅዛል የሚለው ነው።

እኛን ከሌላው ሕዝብ ለይቶ የሚያሰጋን አንድ ነገር አለ። ሐምሌና ነሐሴ ስንል ሰውነታችን የሚያስበው ክረምትን ነው። ባደግንበት ደጋ አገር ሐምሌ ማለት ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጋቢና ምድጃ ዳር ነው። አዲስ አበባ ላይ የሐምሌ ቀን ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም አያልፍም። ዋሽንግተን ላይ በዚያው ወር የቀኑ ሙቀት በአማካይ 90 ፋራናይት፣ ማለትም 32 ሴንቲግሬድ፣ አካባቢ ይውላል፤ የአየሩ እርጥበት ሲጨመርበት ላብ እንኳ ከሰውነት ላይ አልደርቅ ይላል። አየሩ ከአገራችን ጋር ተገላብጧል፣ ልማዳችን ግን አልተገላበጠም። በጁላይ ቀን መስኮት ዘግተው፣ ሹራብ ደርበው፣ እግራቸውን በጋቢ ሸፍነው የሚቀመጡ እናቶች ብዙ ናቸው። «ብርድ ይመታኛል» ይላሉ። ልጅየው ኤሲ ሲከፍት አባትየው ተነሥተው ያጠፋሉ።

ያደግንበት የብርድ ፍርሃት ከንቱ ነው አልልም። በደጋው ቤት፣ በቀዝቃዛ ሌሊት፣ ነፋስ ገብቶ ደረትን ያማል፤ ወላጆቻችን ያዩትን ነው የነገሩን። ነገር ግን ሰው ሲያረጅ ሰውነቱ ሙቀትን የሚነግረው በትክክል አይደለም። ላቡ ይቀንሳል። ውኃ ሲያንሰው ጥሙ አይሰማውም። ለደም ግፊት የምንወስደው የሚያሸና ኪኒን ውኃችንን ያወጣዋል፤ የልብ ምት የሚያረጋጋው መድኃኒት ልብ ሙቀትን ለመቋቋም እንዳይፈጥን ይይዘዋል። ስለዚህ «አልሞቀኝም» የሚለው ቃላችን በዚህ ዕድሜ ምስክር አይሆንም። ምስክር የሚሆነው አልጋው አጠገብ የተሰቀለ፣ በጥቂት ዶላር የሚገዛ የክፍል ሙቀት መለኪያ ነው። ክፍሉ ውስጥ 85 ፋራናይት ሲያሳይ የእናንተን ስሜት ተዉት፤ መለኪያውን እመኑ።

አሁን ወደ ቤቱ ልግባ፤ ቤቱን ያላወቀ ኤሲውን የት እንደሚያስገባ አያውቅምና። ተያያዥ ቤት መስኮት ያለው ከፊትና ከኋላ ብቻ ነው። ግራና ቀኙ የጎረቤት ግድግዳ ነው። መካከል ላይ ያለው ክፍል ወይ ምንም መስኮት የለውም፣ ወይም ጠባብ የአየር መተላለፊያ ላይ የሚከፈት አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው። ጣሪያው ዝርግ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቁር ሬንጅ የተሸፈነ። እንዲህ ያለ ጣሪያ በጁላይ ፀሐይ 150 ፋራናይት፣ በሴንቲግሬድ 65 ድረስ ይግላል፤ ከሥሩ ያለው ኮርኒስ ያንን ሙቀት እየተቀበለ ወደ ክፍሉ ያወርደዋል። ጡቡም ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል። የላይኛው ፎቅ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላም የማይበርደው ለዚህ ነው። ሙቅ አየር በደረጃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ወደ ታች ይወርዳል፤ እኛ ግን ኤሲውን ታች አስገብተን ሰውን ላይ እናስተኛለን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ኤሲውን ከማንሣታችሁ በፊት አልጋውን አንሡ የሚል ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትተኙ ካላችሁ፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ወደ ታችኛው ፎቅ ውረዱ። «ክፍሌን ለምጄዋለሁ» የሚለውን አውቃለሁ፤ የጸሎት ቦታችን፣ ሥዕለ አድኖአችን፣ ዕቃችን እዚያ ነው። ወቅቱ እስኪያልፍ ግን ውረዱ። ቤዝመንት ያለው ቤት ከሆነ ቤዝመንቱ ከሁሉም ይበርዳል፤ ሆኖም እርጥበት ይበዛበታልና እርጥበት የሚመጥ ማሽን ይፈልጋል፣ ከእሳት የሚወጣበት ሌላ መንገድ መኖሩንም አስቀድማችሁ እዩ።

መውረድ የማይቻል ከሆነ፣ አንድ መኝታ ክፍል መርጣችሁ በር እየተዘጋ የሚቀዘቅዝ አድርጉት። ቤቱን ሁሉ ለማቀዝቀዝ አትሞክሩ። አንድ የመስኮት ኤሲ ሳሎን ተደርጎ ቅዝቃዜው በደረጃ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው፤ አይወጣም። ቤቱ ውስጥ ሕፃን ካለ ሕፃኑም እንደ አያቱ ለሙቀት ደካማ ነውና ያው ክፍል ለሁለቱም ይሁን። ወጣቶቹ ፋን ይበቃቸዋል። እኛን ግን ፋን አያድነንም፤ የክፍሉ ሙቀት 95 ፋራናይት ከደረሰ በኋላ ፋን የሚያደርገው ትኩስ አየር በሰውነት ላይ መንፋት ነው። ፊት ላይ ነፋስ ስለተሰማን የበረደን ይመስለናል፣ ውስጣችን ግን መጋሉን ይቀጥላል።

የትኛው መስኮት? እዚህ ላይ የዋሽንግተን መንገዶች ራሳቸው ይነግሯችኋል። ቁጥር ያላቸው መንገዶች፣ እንደ ዘጠነኛና እንደ አሥራ አራተኛ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱ ናቸው፤ ስለዚህ እነሱ ላይ ያለ ቤት ፊቱና ጀርባው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ነው። በፊደል የተሰየሙት፣ እንደ ዩ ስትሪት ያሉት፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚሄዱ ቤቶቻቸው ሰሜንና ደቡብ ያያሉ። ከሁሉ ክፉው የምዕራቡ ክፍል ነው፤ የቀኑ ሙቀት በበረታበት በዘጠኝና በአሥር ሰዓት ፀሐዩ በመስኮት ይገባል፣ ሰው ሊተኛ ሲል ክፍሉ እንደጋለ ይጠብቀዋል። ምርጫ ካላችሁ ሽማግሌው በምሥራቅ ወይም በሰሜን በኩል ባለው ክፍል ይተኛ። ምርጫ ከሌላችሁና የምዕራቡ ከሆነ፣ ከቀትር ጀምሮ ወፍራም መጋረጃ ይዘጋበት፣ የኤሲው አቅምም በዚያው ልክ ከፍ ይበል።

ስለ አቅም አጭር ቃል ልናገር። በዕቃው ካርቶን ላይ ቢቲዩ የሚል ቁጥር አለ። 150 ስኩዌር ፊት ለሆነ ክፍል 5,000፣ እስከ 250 ለሚደርስ 6,000፣ እስከ 350 ለሚደርስ 8,000 ይበቃል፤ ፀሐይ ለሚመታው ክፍል ከመቶ አሥር ያህል ይጨመርበታል። ትልቁን ብንገዛ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። ለክፍሉ የበዛ ኤሲ አየሩን ቶሎ አቀዝቅዞ ይቆማል፣ እርጥበቱን ለመምጠጥ ግን ጊዜ አያገኝም። ክፍሉ ቀዝቃዛና እርጥብ ይሆናል። አያትየዋ «አጥንቴን ገባኝ» ብለው የሚያጠፉት ይህንኑ ነው፤ እውነታቸውንም ነው። ትክክለኛው መጠን ቀስ ብሎ እየሠራ አየሩን ያደርቃል፣ 78 ፋራናይት ላይ እንኳ ሰውነት ይረጋጋል። የኤሲው አፍ ወደ አልጋ እንዳያይ፤ የነፋስ ማዞሪያ ክንፎቹን ወደ ኮርኒስ አቅኑት። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ራሱ ይወርዳል። አልጋው ከመስኮቱ ማዶ ባለው ግድግዳ ይሁን። በዚህ ዓይነት ጉልበትና ትከሻ የሚመታ ነፋስ ሳይኖር ክፍሉ ይበርዳል፤ ጋቢ መደረብ የሚፈልግም ይደርብ፣ በ78 ዲግሪ ጋቢ ማንንም አይገድልም።

ቤታችሁ በቧንቧ የሚዳረስ ማዕከላዊ ኤሲ ያለው ከሆነ «እኛን አይመለከትም» አትበሉ፤ ይበልጥ የሚያታልለው እሱ ነው። የሙቀት መቆጣጠሪያው፣ ቴርሞስታት የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምድር ቤት መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ቶሎ ይበርዳል፣ መቆጣጠሪያው ‹75 ደርሷል› ብሎ ማሽኑን ያቆመዋል። በዚያች ሰዓት ሦስተኛው ፎቅ 88 ሊሆን ይችላል። ታች ያሉት ልጆች ቁጥሩን አይተው አባታቸው እንደበረዳቸው ያምናሉ። በዚህ ነገር ማንም ሰው ተንኮል አልሠራም፣ ሰው ግን ይጎዳል። ስለዚህ ማዕከላዊ ኤሲ ባለበት ቤትም የላይኛው መኝታ ክፍል የራሱ መለኪያ ይኑረው፣ መለኪያው ካልወረደ ለዚያ ክፍል ብቻ የመስኮት ኤሲ ይጨመርለት። ሁለት መሣሪያ መያዝ ብክነት አይደለም።

በጣም የምፈራው ዓይነት ደግሞ አለ። ጎማ ያለው፣ ወለል ላይ የሚቆም፣ አንድ ወፍራም ቱቦ ብቻ በመስኮት የሚያወጣ ኤሲ። መስኮት ላይ መሸከም አያስፈልገውምና ሽማግሌዎች ይወዱታል። ይህ ዕቃ የክፍሉን አየር እየሳበ ወደ ውጭ ይተፋል፤ የወጣውን የሚተካ አየር ደግሞ ከየትም ከየትም፣ በበር ሥር፣ ከደረጃው፣ ከቤዝመንት፣ ይሳባል። ትኩሱን የውጭ አየር መልሶ ስለሚያስገባ ድካሙ ግማሽ ከንቱ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ቤዝመንቱ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ ካለ፣ በጭስ ማውጫው መውጣት የሚገባው ጭስ ተስቦ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ያ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። እንዲህ ያለ ኤሲ ካላችሁ በባለ ሁለት ቱቦው ለውጡት፤ እስክትለውጡ ድረስ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል በየፎቁ ይኑር፣ ባትሪውም ይፈተሽ።

ስለ መስኮቱም ሌላ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ክፍሉ አንድ መስኮት ብቻ ካለው፣ እሳት ሲነሣ የምትወጡት በእሱ ነው። ያንን በከባድ ማሽን፣ ሌባ እንዳይገፋው ብላችሁ ደግሞ በሚስማርና በብረት ከቸነከራችሁት፣ ክፍሉን መቃብር አደረጋችሁት። ሁለት መስኮት ያለውን ክፍል ምረጡ፣ ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ዓይነት አስገቡ። ምድር ቤት መስኮት ላይ የብረት ፍርግርግ ካለ ከውስጥ ያለ ቁልፍ በእጅ የሚከፈት ይሁን። ኤሲውም ከሥሩ ብረት ድጋፍ ይግባለት፤ ከሁለተኛ ፎቅ የሚወድቅ 50 ፓውንድ ዕቃ በሥሩ የሚያልፈውን ልጅ አይለይም። እናንተም አትሸከሙት። ይህን የወጣት ሥራ ለወጣት ስጡ።

ከዚያ ኤሌክትሪኩ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ያለው አብዛኛው ተያያዥ ቤት ከመቶ ዓመት በፊት ወይም በዚያ አካባቢ የተሠራ ነው፤ ያኔ መኝታ ክፍል ውስጥ የሚሰካ ከመብራት በቀር ብዙ ዕቃ አልነበረም። ዛሬም በብዙ ቤት ሁለትና ሦስት ክፍል በአንድ 15 አምፔር መስመር ላይ ነው። ያ መስመር የሚችለው 1,800 ዋት ነው። እዚህ አገር የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 1,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ መካከለኛ ኤሲ ደግሞ ወደ 900 ዋት። እንጀራ የሚጋገርበት ሶኬትና የሽማግሌው ኤሲ በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ታች እንጀራ የምትጋግረዋ መልሳ ታነሣዋለች፣ አንዳንዱ ኤሲ ግን መብራት ሲመለስ በራሱ አይነሣም። ላይ የተኛው ሰው ኤሲው መጥፋቱን ሳያውቅ ይቀራል። በማራዘሚያ ገመድ ከሌላ ክፍል መሳብም መፍትሔ አይደለም፤ ቀጭኑ ገመድ ምንጣፍ ሥር ይግላል፣ ቤት ይቃጠላል። ኤሲ በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ይሰካ፣ የትኛው ሶኬት በየትኛው ብሬከር ላይ እንዳለ ኤሌክትሪሺያን አይቶ በወረቀት ይጻፍላችሁ። እንጀራም በጁላይ ከጋገርን በማለዳ እንጋግር።

አቅም ያላቸው ልጆች ስፕሊት የሚባለውን፣ አንዱ ማሽን ውጭ ሌላው ግድግዳ ላይ የሚሆነውን፣ ሊያስገቡላችሁ ይችላሉ። ይህ ከሁሉም የተሻለ ነው፣ ምርቃት የሚገባው ነው። የውጭውን ማሽን ቦታ ግን በችኮላ አትምረጡ። በካፒቶል ሂል፣ በማውንት ፕሌዘንት፣ በሾውና በመሰሉ የታሪክ ቅርስ ሠፈሮች ከመንገድ የሚታይ ነገር ለመግጠም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጓሮ ወይም ጣሪያ ላይ ይሆናል። ጣሪያ ላይ ከሆነ ቴክኒሻኑ በምን ወጥቶ እንደሚጠግነው አስቡ፤ መወጣጫ የሌለው ጣሪያ ላይ ያለ ማሽን በጁላይ ሲበላሽ እስኪጠገን ብዙ ቀን ይቆያል። በጋራው ግድግዳ ላይ አይቸንከር፤ መንቀጥቀጡ በጡቡ አልፎ ጎረቤት አልጋ ድረስ ይሄዳል። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥም አይግባ፤ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስበዋል፣ ሙቀቱ በበረታበት ቀን ይደክማል። ከመገጠሙ በፊት ጎረቤትን አነጋግሩ። በአንድ ግድግዳ የሚኖሩ ሰዎች እንግሊዝኛችን ባይጠናም «ይህን ልናደርግ ነው» ማለት ይገባናል፤ በዚያው ሰበብ ጎረቤታችሁ ያውቃችኋል፣ በሙቀቱ ቀን ጭር ስትሉበት ያንኳኳል።

ኪራይ ቤት የምትኖሩ፣ አከራይ የሰጣችሁ ኤሲ ከተበላሸ ዝም አትበሉ። ዲሲ ውስጥ ከሜይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ኤሲ ያስገባ አከራይ እንዲሠራ አድርጎ የማቆየት ግዴታ አለበት። አበሻ አከራይ ከሆነ ይሉኝታ ይይዘናል፤ ይሉኝታ በሌላ ነገር መልካም ነው፣ በዚህ ግን አይደለም። ስለ ቢል የምትሰጉም አላችሁ። 6,000 ቢቲዩ የሆነ የመስኮት ኤሲ ሌሊቱን ስምንት ሰዓት ቢሠራ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አያልፍም፣ ይህም ከአንድ ዶላር ብዙም አይርቅም። የመንግሥት የኤሌክትሪክ ቢል እርዳታም አለ፤ ላይሂፕ ይባላል፣ ልጆቻችሁ ማመልከቻውን ይሙሉላችሁ። ልጃችሁ ቢሉን ልክፈል ሲል «ተወው ልጄ፣ እኔ ምን ሞቀኝ» አትበሉት። ያ ቃል ፍቅር ይመስላል። ዳፋው ግን በእሱ ላይ ነው፤ እናንተን ቀብሮ ዕድሜውን ሙሉ በጸጸት የሚኖር እሱ ነው።

ስለ ጾሙ ሳልናገር ባልፍ ማስጠንቀቂያዬ ጎዶሎ ይሆናል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 7፤ አገር ቤት ዝናብና ደመና ባለበት፣ እዚህ ግን ሙቀቱ ገና ባልበረደበት ሰሞን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ፣ የሚያሸና ኪኒን ወስደው፣ ከቅዳሴ ተመልሰው ጣሪያ ሥር ባለ ትኩስ ክፍል የሚጋደሙ እናቶች አሉ። ጾሙን ተዉ የማለት ሥልጣን የለኝም፤ ለታመመና ለደከመ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደምትል የንስሐ አባታችሁ ያውቃሉ፣ ሐኪማችሁ የሰጣችሁን መድኃኒት ስም ነግራችሁ ጠይቋቸው። ሙስሊም እኩዮቼም በሰመር የሱና ጾም ስትጾሙ ያንኑ አስቡ። የምለው ይህን ነው፦ የሚጾም ሽማግሌ ከማይጾመው ይልቅ ቀዝቃዛ ክፍል ያስፈልገዋል።

ሙቀቱ ወይም እርጥበቱ ተጨምሮበት የሚሰማው ሙቀት 95 ፋራናይት ሲደርስ ዲሲ የሙቀት አደጋ ጊዜ ታውጃለች፣ ቤተ መጻሕፍትና ሌሎች የመቀዝቀዣ ማዕከሎች ይከፈታሉ። ኤሲያችሁ በተበላሸ ቀን እዚያ ሂዱ፣ ማንም «ለምን መጣችሁ» አይላችሁም። እኩያችሁ ንግግሩ ከተምታታ፣ ቆዳው ከጋለ፣ ቆሞ መሄድ ካቃተው፣ ጸበልም ሻይም ከማምጣታችሁ በፊት 911 ደውሉ፣ እስኪመጡ ድረስ ሰውነቱን በውኃ አርጥቡ። ብቻቸውን የሚኖሩትን በዚያ ቀን ጠዋትና ማታ ደውሉላቸው፤ ካላነሡ ሰው ላኩ። ዕድርና ማኅበር ያላችሁ፣ የሞተ ለመቅበር ገንዘብ እናዋጣለን፤ ከዚያው ገንዘብ ላይ ብቻውን ለሚኖር አባል አንድ የመስኮት ኤሲ ግዙ፣ ጠንካራ ወጣት መድቡና ይግጠምለት።

እንግዳ ሳሎን ውስጥ ለሁለት ሰዓት ቢያልበው አይሞትም። ስለዚህ ሜይ ሳያልቅ፣ ሙቀቱ ሳይገባ፣ ልጃችሁን ወይም የልጅ ልጃችሁን ጠርታችሁ «ኤሲውን ከሳሎን አንሥተህ እኔ የምተኛበት ክፍል አስገባልኝ» በሉት። እሱ ከእናንተ አፍ ይህን ቃል ለመስማት እየጠበቀ ነው።